«እየሠራ ነው» ተብሎ ስለሚታለፈው የኢሜይል ሰርቨር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የኢሜይል ሰርቨሮችን፣ ማለትም የድርጅትን ኢሜይል የሚቀበሉ፣ የሚያስቀምጡና የሚልኩ ማሽኖችን፣ በመትከል፣ በመጠገንና በየጊዜው ወደ አዲስ ቨርዥን በማሳደግ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዚህ ሁሉ ጊዜ በየስብሰባው ሲነገር የሰማሁት፣ ዛሬም ብዙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ያለ ክፉ ሐሳብ የሚናገሩት አንድ አባባል የሚያስከትለውን ጉዳት በጋዜጣዎ በኩል ለማሳሰብ ነው። አባባሉ «እየሠራ ያለውን ነገር ለምን እንነካካዋለን?» የሚል ነው። የኢሜይል ሰርቨሩ ይታደስ የሚል ጥያቄ ከአይቲ ክፍል በቀረበ ቁጥር ይህ መልስ ይሰጥና ጉዳዩ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፋል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሰርቨሩ እንደ ወትሮው መልእክት ሲቀበልና ሲልክ ስለሚገኝ መልሱ አይለወጥም። እኔ የምለው ግን የኢሜይል ሰርቨርን ወደ አዲስ ቨርዥን ማሳደግ የቴክኒክ ሠራተኛው ቅዳሜና እሁድን ተሯሩጦ የሚጨርሰው የጓዳ ሥራ ሳይሆን፣ የድርጅቱ የበላይ ኃላፊ በራሱ ፊርማ የሚወስነውና ጊዜ፣ ገንዘብና ሰው የሚመድብለት ጉዳይ ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስት ይገባኛል። መኪና ሲያረጅ ይንኳኳል፣ ጣሪያ ሲያረጅ ያፈሳል፤ ያረጀ የኢሜይል ሰርቨር ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ደብዳቤ ያደርሳል። ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ በጆን ፖስተል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢጨመርበትም መሠረታዊ አነጋገሩ ያው ነው። ላኪው ሰርቨር ራሱን ያስተዋውቃል፤ ደብዳቤው ከማን እንደሆነና ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ እሺታ ሲያገኝም ደብዳቤውን ያስረክባል። ከ20 ዓመት በፊት የተተከለ ሰርቨር ትናንት ከተተከለው ጋር ሊግባባ መቻሉ የዚህ ደንብ ትልቅ ጥንካሬ ነው፤ ኃላፊዎችን የሚያዘናጋቸውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም እነርሱ የሚያዩት ደብዳቤው መድረሱን እንጂ ሰርቨሩን ማን እየጎበኘው እንዳለ አይደለም።

ስለዚህ «ድጋፍ ተቋረጠ» የሚባለው ነገር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ለሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሙ 2013 ቨርዥን የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2023 አቆመ፤ ለኤክስቼንጅ 2016 እና ለኤክስቼንጅ 2019 ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መደበኛው የድጋፍ ዘመን አበቃ። በነፃ የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሮች፣ በፖስትፊክስና በደቭኮት፣ የሚጠቀሙ ድርጅቶችም ከዚህ አያመልጡም፤ ብዙዎቹ ሰርቨራቸውን ያቆሙበት ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ዘመኑ አልቋል። ከእነዚህ ቀኖች በኋላ ሰርቨሩ አይቆምም፤ ማስጠንቀቂያ ደወልም አይደወልም። የሚቆመው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው ፓች ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ለአዲሱ ቨርዥን የሚወጣ ፓች ራሱ ለሰርጎ ገቦች ፍንጭ ይሰጣል። ከፓቹ በፊት የነበረውን ፋይል ከፓቹ በኋላ ካለው ጋር አስተያይተው ቀዳዳው የት እንደነበረ ያውቃሉ፤ ያው ቀዳዳ በአሮጌው ቨርዥን ላይም ካለ እዚያ ማንም ሳይደፍነው ይቀመጥላቸዋል። ኢሜይል ሰርቨር ደግሞ በባሕርይው ከዓለም ሁሉ የሚመጣ እንግዳ እንዲያንኳኳ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ ማሽን ስለሆነ፣ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የሆነውን የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያስታውሱታል። ማርች 2 ቀን ማይክሮሶፍት ከመደበኛው መርሐ ግብር ውጭ ለኤክስቼንጅ ሰርቨር አስቸኳይ ፓች አወጣ፤ ፕሮክሲሎጎን የሚል ስም የተሰጠው ቀዳዳ አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ እንዲገባ የሚያደርግ ነበር። ፓቹ በወጣበት ጊዜ አጥቂዎቹ ሥራ ከጀመሩ ሰንብተው ነበር፤ ፓቹ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌሎች ቡድኖች ተጨምረው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተደፈሩ። በዚያ ሳምንት ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት ሰርቨራቸውን በየጊዜው ሳያሳድጉ የቆዩት ነበሩ። የመጀመሪያው ፓች የሚጫነው በቅርብ ጊዜ በወጡት ማሻሻያዎች ላይ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ ወደ ኋላ የቀሩት ድርጅቶች ሁለት ሦስት ዓመት ያሳደሩትን ሥራ አጥቂው በር ላይ ቆሞ ሳለ በአንድ ሌሊት ለመሥራት ተገደዱ። ማይክሮሶፍት ከቀናት በኋላ ለቀድሞዎቹ ማሻሻያዎችም ፓች ቢያወጣም፣ ለብዙዎች የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ነበሩ። ፓቹን የጫኑትም ቢሆኑ በዚያው እፎይ ማለት አልቻሉም፤ ቀድሞ የገባ አጥቂ ሰርቨሩን ከሩቅ የሚያዝበት ዌብ ሼል የሚባል ትንሽ ፋይል በሰርቨሩ ውስጥ ትቶ ከሆነ፣ ፓቹ ቀዳዳውን ይዘጋል እንጂ የገባውን አያስወጣም። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር በፍርድ ቤት ፈቃድ ከመቶዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ራሱ እስከ ማጥፋት የደረሰው ባለቤቶቹ ስላላጠፏቸው ነው።

«እየሠራ ነው» የሚለውን አባባል ሐሰት የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ኢሜይል የሁለት ወገን ነገር ነው፤ የእርስዎ ሰርቨር ባይለወጥም ተቀባዩ ይለወጣል። በላኪና በተቀባይ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚሰውረው ቲኤልኤስ የተባለው አሠራር 1.0 እና 1.1 የሚባሉት ቨርዥኖቹ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በይፋ ተሽረዋል፤ ከእነዚህ በላይ የማያውቅ ሰርቨር እነርሱን ከማይቀበል ወገን ጋር ሲገናኝ ወይ ያለ ምስጢር ይልካል፣ ወይ ጭራሽ አይላክለትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘመናቸው ካለፈና ፓች ካልተደረገላቸው የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ወደ ደመና አገልግሎቱ (ኢሜይሉ በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ወደሚቀመጥበት) የሚመጣውን ደብዳቤ በመጀመሪያ ማዘግየት፣ ቀጥሎም ማገድ እንደሚጀምር አስታወቀ። ጉግልና ያሁም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ሰዎች ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉትን የማንነት ማረጋገጫዎች እንዲያሟሉ ግዴታ አድርገዋል። ኃላፊው ሰርቨሩ እየሠራ ነው ሲል፣ የላከው ደብዳቤ በሌላው ወገን አላስፈላጊ መልእክቶች በሚጣሉበት ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨሩን ማደስ ለሦስት ተከታታይ በጀት ዓመታት አራዘመ። በአራተኛው ዓመት ዲስኮቹ ስሕተት ማሳየት ሲጀምሩ ሥራው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቅ የሚል ትእዛዝ ወጣ። አዲሱን ሰርቨር ከአሮጌው ጎን አቁመን ዓርብ ማታ የመልእክት ሳጥኖችን ማዛወር ጀመርን። ሳጥን ማዛወር ማለት በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለው ደብዳቤ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲነበብ ማድረግ ነው፤ ለዓመታት ሳይነኩ የተቀመጡ የዲስኩ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ሥራ ተጠየቁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ማዛወሩ በ61 ከመቶ ላይ ቆመ። አንደኛው ዲስክ ቀድሞ ወድቆ ነበር፤ ሁለተኛው ሲከተለው ገና ያልተዛወሩት ሳጥኖች ያሉበት ዳታቤዝ ጠፋ።

ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለን ብለን ተጽናናን። የባክአፕ ሪፖርቱ በየሌሊቱ «ተሳክቷል» ሲል የኖረ በመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም። ከፍተን ስናየው ግን ባክአፑ የሚወሰደው ሲስተሙ ካለበት ዲስክ ብቻ ነበር፤ ዳታቤዙ ከሁለት ዓመት በፊት ቦታ ጠቦት ወደ ሌላ ዲስክ ሲዛወር የባክአፑን ዝርዝር የቀየረ ሰው አልነበረም። ሪፖርቱ አልዋሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። ገና ያልተዛወሩትን ሳጥኖች ያዳንናቸው አውትሉክ የተባለው የኢሜይል መክፈቻ ፕሮግራም በየሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ከሚያስቀምጠው ቅጂ እየለቀምን ሲሆን፣ ይህ ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ኢሜይላቸውን በብራውዘር ብቻ የሚከፍቱ ሠራተኞች ግን በኮምፒዩተራቸው ላይ ቅጂ ስላልነበራቸው ምንም አልተገኘላቸውም። ከእነርሱ መካከል በግዢ ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው የስድስት ዓመት የደብዳቤ ልውውጡ እንደጠፋ ስነግረው ምንም ሳይመልስልኝ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሲያይ ቆየ፤ ያ ዝምታው እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰርቨር ባክአፑ ተመልሶ ሲነሣ ሳላይ ነክቼ አላውቅም። ባክአፕ አለ ማለት በሪፖርት ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ ማለት አይደለም። ባክአፑ ከዋናው ሰርቨር ጋር ባልተያያዘ ሌላ ማሽን ላይ ይመለሳል፤ ዳታቤዙ ይነሣል፤ የአንድ ሰው ሳጥን በባለቤቱ ፈቃድ ይከፈታል፤ ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት የደረሰውን አንድ የታወቀ ደብዳቤ ከነአባሪው ፈልጎ ያገኛል። ይህ ሙከራ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ይጻፋል፤ ምክንያቱም በመከራ ቀን ኃላፊው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ይመለሳል?» የሚል ስለሆነ፣ ያኔ በግምት ሳይሆን በተለካ ሰዓት መመለስ ይቻላል።

ወደ አዲሱ ቨርዥን የሚወስደው መንገድ እንደ መነሻው ይለያያል። ኤክስቼንጅ ሰርቨር ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን የተባለው አዲሱ ቨርዥን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የወጣ ሲሆን፣ ኤክስቼንጅ 2019ን ከመጨረሻዎቹ ማሻሻያዎች ጋር ያደረሰ ድርጅት እዚያው ሰርቨር ላይ እንዳለ ሊያሳድገው ይችላል። በ2016 ላይ የቆየ ግን ያለው አማራጭ አዲስ ሰርቨር ተክሎ ሳጥኖቹን ማዛወር ነው። በደቭኮት የሚጠቀሙትም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የወጣው 2.4 ቨርዥን የ2.3ን የማዋቀሪያ ፋይል እንዳለ እንደማይቀበል ሳያውቁ በተለመደው አንድ ትእዛዝ ቢያሳድጉት አገልግሎቱ አይነሣላቸውም። እኔ በተቻለ መጠን አዲሱን ከአሮጌው ጎን ማቆምን እመርጣለሁ፤ ወጪው ቢጨምርም ችግር ሲገጥም የሚመለሱበት ነገር አለ። ይህም ሆኖ የማይመለስ ደረጃ እንዳለ ለኃላፊዎች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ለምሳሌ ኤክስቼንጅ ሲጫን የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒዩተሮች በሚመዘገቡበት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ የሚጨምረው መዋቅር ከተጨመረ በኋላ ተመልሶ የሚነሣ አይደለም።

ሰፊው ሥራ ያለው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ለዚህ ሥራ ማንም ጊዜ አይሰጥም። ድርጅቱ ውስጥ ኢሜይል የሚልከው ሰው ብቻ አይደለም። የሒሳብ ክፍሉ ስካነር የቃኘውን ሰነድ በኢሜይል ይልካል፤ የደመወዝ ሲስተሙ ወር በገባ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የክፍያ ዝርዝር ይልካል፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ሶፍትዌሩ የፈቃድ ጥያቄ ይልካል፤ ባክአፑ ራሱ ሪፖርቱን የሚልከው በኢሜይል ነው። አብዛኞቹ የተዋቀሩት ከብዙ ዓመት በፊት፣ አሁን በድርጅቱ ውስጥ በሌለ ሰው ስለሆነ፣ የሰርቨሩ ስም ሳይሆን ቁጥራዊ አድራሻው በቀጥታ ተጽፎባቸዋል። አንድ ጊዜ በሒሳብ ክፍል ጥግ የቆመ ትልቅ ስካነር ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ሆኖ አገኘሁት፤ ከቲኤልኤስ 1.0 በላይ አያውቅም፤ አምራቹም ማሻሻያ አያወጣለትም። አዲሱ ሰርቨር ሊቀበለው አይችልም፤ እንዲቀበለው ማስገደድ ደግሞ ለአንድ ስካነር ሲባል የሰርቨሩን በር ገርበብ አድርጎ መተው ይሆናል። በመካከላቸው ከውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚቀበል፣ የተቀበለውን ወደ አዲሱ ሰርቨር በምስጢር የሚያስተላልፍ አነስተኛ ሰርቨር አቁመን ገላገልነው። ስካነሩን ግን ያገኘነው ከሥራው አንድ ወር በፊት የሰርቨሩን ሎግ (ማን መቼ እንደላከበት የሚጻፍበትን መዝገብ) መስመር በመስመር ስላየን ነው። በዕለቱ ቢሆን ኖሮ የወር መጨረሻ ሒሳብ የሚዘጋው ሠራተኛ ነበር የሚነግረን።

የሰዎቹም ሳጥን እንዲሁ ቀድሞ መታየት አለበት። አብዛኛው ሳጥን ያለ ችግር ይዛወራል፤ ጥቂቶች ግን በዓመታት ውስጥ የተበላሹ ደብዳቤዎች ስላሉባቸው ማዛወሩ ይቆማል። የተበላሸውን ዘልሎ እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም የሚዘለለው ደብዳቤ የማን እንደሆነና ስለ ምን እንደሆነ ባለቤቱ ሳያውቅ ቴክኒሻኑ ብቻውን ሊወስን አይገባውም።

ኃላፊዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ሰርቨሩ በሚቆምበት ሰዓት የሚላክ ደብዳቤ ይጠፋል ብለው ነው። ይህ ፍርሃት ከእውነቱ ይበልጣል። ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ሲያጣው ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የኤስኤምቲፒ ደንብም ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት በጥቅሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲጠብቅ ይመክራል። ጥቂት ላኪዎች ከዚህ ቀድመው ቢተዉም፣ በአንድ ሌሊት መቋረጥ ምክንያት የሚጠፋ ደብዳቤ ብዙም አይኖርም። ይልቅ ሊያስፈራ የሚገባው የወጪው ደብዳቤ ነው። አዲሱ ሰርቨር በአዲስ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት ከወጣ፣ ያ አድራሻ በድርጅቱ ስም ሊልኩ የሚችሉ ሰርቨሮች በሚዘረዘሩበት የኤስፒኤፍ መዝገብ ውስጥ ካልገባና በዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምና ቁጥራዊ አድራሻ በሚገናኙበት የኢንተርኔት ማውጫ፣ ከአድራሻው ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ ካልተስተካከለ፣ የድርጅቱን ደብዳቤ ዓለም ሁሉ እንደማይታወቅ ሰው ደብዳቤ ያየዋል። በዲኤንኤስ ላይ ያለው መዝገብ በሌሎች ዘንድ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነውን ልክም ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ለምሳሌ ከ86,400 ሰከንድ ወደ 300 ሰከንድ፣ ማውረድ ይገባል፤ ይህን የረሳ ሰው ሌሊቱን ሥራውን ጨርሶ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ገሚሱ ደብዳቤ ወደ አሮጌው ሰርቨር ሲሄድ ያያል።

ለሠራተኞች ስለሚላከው ማስታወቂያ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የሚደርሰው ጉዳት ከቴክኒኩ ስሕተት ሊበልጥ ይችላል። «የኢሜይል ሳጥንዎ እየታደሰ ስለሆነ እዚህ ሊንክ ላይ ገብተው የይለፍ ቃልዎን ያረጋግጡ» የሚለው መልእክት አጭበርባሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩ ማጥመጃ ነው። ድርጅቱ በእርግጥም ሰርቨሩን በሚያድስበት ሳምንት ይህ መልእክት ቢመጣ ሠራተኛው የሚጠራጠርበት ምክንያት አይኖረውም። በዚያ ላይ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ወይም አድራሻው በትክክል ካልተዋቀረ አውትሉክም ሆነ የእጅ ስልኩ ራሱ ደጋግሞ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ ሠራተኛው በዚያች ሳምንት የይለፍ ቃሉን ለጠየቀው ሁሉ ለመስጠት ይለመዳል። ስለዚህ እኔ የማወጣው ማስታወቂያ አጭርና ግልጽ ነው፤ «ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ኢሜይል መላክም ሆነ መቀበል አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚላክልዎ ደብዳቤ ዘግይቶ ይደርስዎታል። ሊንክ አንልክልዎትም፣ የይለፍ ቃልዎንም በምንም መንገድ አንጠይቅዎትም፤ የሚጠይቅ ካጋጠመዎ ወደ አይቲ ክፍል ደውለው ያሳውቁን።» ይህ ማስታወቂያ በኢሜይል ብቻ ሳይሆን ታትሞ በየፎቁ መግቢያ መለጠፍ አለበት፤ የተለጠፈ ወረቀት በአጭበርባሪ እጅ ከሩቅ አይለወጥምና።

በማግስቱ የሚመጣው ችግር ደግሞ ከተጠበቀው ቦታ አይመጣም። በአንድ ድርጅት ሥራው በሰላም ተጠናቅቆ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ሲልክና ሲቀበል እያየን ሳለ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ደውለው «ልጄ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ የጻፍኩት ሁሉ ተመልሶ እየመጣብኝ ነው፤ አድራሻቸው ተሰርዞ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ከውጭ ለሥራ አስኪያጁ የሚላከው ይደርሳል፤ ከሌላ ሠራተኛ የሚላከውም ይደርሳል፤ ከእርሳቸው ኮምፒዩተር የሚላከው ብቻ ይመለሳል። የተመለሰውን መልእክት እስከ ታች ሳነበው በረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት የተጻፈ አድራሻ አየሁ። የሥራ አስኪያጁ ሳጥን በጣም ከተበላሹት አንዱ ስለነበር በማዛወር ፈንታ አዲስ ሳጥን ከፍተን ይዘቱን ገልብጠንላቸው ነበር። ኤክስቼንጅ በውስጡ ሰውን የሚያውቀው በኢሜይል አድራሻው ሳይሆን ለሳጥኑ በሰጠው የራሱ ውስጣዊ ስም ነው፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ስም መጻፍ ሲጀምሩ አውትሉክ የሚሞላላቸው ያንን የቀድሞውን ውስጣዊ ስም ነበር። አሮጌውን ስም በአዲሱ ሳጥን ላይ እንደ ተጨማሪ አድራሻ ስንመዘግብ ችግሩ ወዲያው ተፈታ። ጥገናው አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ነገር ግን እርሳቸው እስኪደውሉ ድረስ ሦስት አስቸኳይ ደብዳቤዎች ተመልሰው ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ሥራውን የሠራው ሰው በማግስቱ ዕረፍት ሊወጣ የማይገባው፤ ከዚያም ይበልጥ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ሰው ጠዋት ስልክ እንዲያነሣ ሳይገደድ ተረኛ የሚሆን ሁለተኛ ሰው መመደብ ያለበት።

አዲስ ቨርዥን ማለት ችግር የሌለበት ማለት ነው እያልኩ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ሲብት በዓለም ዙሪያ የኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ሰርቨሮች ደብዳቤ ማድረስ አቆሙ። የቫይረስ መከላከያው ክፍል የሚጠቀምበት የዕትም ቁጥር ከቀኑ የሚሠራ ሲሆን፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ ቁጥሩ 2,201,010,001 ሆነ፤ ፕሮግራሙ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር ግን 2,147,483,647 ነበር። ከዚህ በላይ መቁጠር ስላልቻለ መከላከያው አልነሣ አለ፤ ደብዳቤውም ሁሉ በወረፋ ተከማቸ። በዚያን ጊዜ 2019 የቅርብ ቨርዥን ነበር። ልዩነቱ ግን ድጋፍ ያለው ቨርዥን በመሆኑ አምራቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ መፍትሔ ማውጣቱ ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ድጋፉ በተቋረጠ ቨርዥን ላይ ቢደርስ መፍትሔ የሚያወጣ አካል መኖሩን ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ሰርቨሩን ትቶ ወደ ደመና አገልግሎት መሄድ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለብዙ ድርጅቶች ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስካነሩ፣ የደመወዝ ሲስተሙ፣ የተበላሹት ሳጥኖችና የሠራተኞች ማስታወቂያ እዚያም ይከተላሉ፤ ዝግጅቱን የሚያስቀር አማራጭ አይደለም።

ኃላፊዎችን የምለምነው ይህን ነው። የምትጠቀሙበት የኢሜይል ሰርቨር ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን እንደ ኪራይ ውል ማብቂያ ቀን በዕቅዳችሁ ላይ ጻፉት፤ ቀኑ ከመድረሱ አንድ ዓመት በፊት በጀቱን ያዙ። አገልግሎቱ የሚቋረጥበትን ሌሊት ራሳችሁ ወስኑና በራሳችሁ ስም አሳውቁ፤ ቴክኒሻኑ በየቢሮው እየዞረ ፈቃድ የሚለምንበት ነገር አይሁን። ባክአፑ ተመልሶ ሲነሣ በዓይናችሁ እዩ። ይህ ሁሉ ሲደረግም አሮጌው ሰርቨር በማግስቱ እንዲጠፋ አትቸኩሉ፤ ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ ከውስጥ ኔትወርክ ብቻ የሚመጣውን እየተቀበለ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፤ ማን አሁንም እርሱን እንደሚፈልግም ሎጉ በየቀኑ ይታይ።

በመጨረሻ በሠራሁት ሥራ ላይ አሮጌው ሰርቨር ለሃያ ሁለት ቀናት አንድም ደብዳቤ ሳይመጣለት ከቆየ በኋላ፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን ሌሊት አንድ መልእክት መጣለት። ላኪው በሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ሙቀት ሲጨምር ብቻ የሚጽፍ መሣሪያ ነበር። በአንድ ወር ሎግ ውስጥ ስሙ ያልተገኘው ለብዙ ወራት የሚጽፍበት ምክንያት ስላልነበረው ነው። ያን ሌሊት ማቀዝቀዣው ቆሞ ነበር፤ መልእክቱ በአሮጌው ሰርቨር በኩል ለተረኛው ደርሶ፣ ተረኛው ሄዶ ማቀዝቀዣውን አስነሣ። ጠዋት የመሣሪያውን አድራሻ ወደ አዲሱ ሰርቨር ለወጥን፤ አሮጌውንም ተጨማሪ ሁለት ሳምንት አቆይተን አጠፋነው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪ